እናቴ በትና የምታበቅላትን አበባ እኔ ሁለት ጊዜ ገደልኳት

ሰሚት አራተኛ ፎቅ (ጥር 22)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አበባ የምታበቅሉ ሰዎች እባካችሁ አንድ ነገር አስረዱኝ። ሁለት ጊዜ ዘርቼ ሁለቴም ከሸፈብኝ። ሦስተኛው ላይ ዘሩ ያልቃል።

ፖርቱላካ የምትባለውን ታውቋት ይሆናል። ቁመቷ ከስንዝር አይበልጥም። ወደ ላይ ከመሄድ ወደ ጎን መንሰራፋት ነው የሚቀናት። ቅጠሏ ወፈር ያለ የጥድ ቅጠል ይመስላል፤ በጣት ሲጨፈልቁት ውሃ ብቻ ነው። አበባዋ ቀይ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ፣ ሮዝ። ስስ ወረቀት ጨምድደው መልሰው የዘረጉት ነው የሚመስለው።

ያደግኩት ድሬዳዋ ነው። እናቴ በረንዳው ጠርዝ ላይ በቲማቲም ድልህ ጣሳና በተሰነጠቀ ሳፋ ታበቅላት ነበር። «ታበቅላት ነበር» ማለቴም ለወጉ ነው። ዘሩን በእጇ ብትን ታደርግና ትረሳዋለች። ከዚያ ሳፋው ይሞላል፣ የሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ሳይቀር ትወጣለች። ማንም ሲንከባከባት አይቼ አላውቅም። ባለፈው ጥቅምት እህቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ አንድ ጥቅል ዘር ይዛልኝ መጣች። «ይቺማ ቀላል ናት» አልኳት። አፌን በቆረጠው።

የመጀመሪያውን ኅዳር መግቢያ ላይ ዘራሁ። አፈሩን ከሕንፃው ጀርባ ቆፈርኩ፤ ጥቁር ዋልካ ነው። ጥበቃችን ያመጣልኝን የከብት ፍግ ቀላቀልኩበት። በጣቴ ቦይ አወጣሁ፣ ዘሩን አፈሰስኩ፣ አፈር አለበስኩት፣ በጆግ አጠጣሁ። ጠዋትና ማታ ሳላጓድል። በሦስተኛው ሳምንት አረንጓዴ ነገር ብቅ ብቅ አለ። ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ባለቤቴን ከአልጋ ቀስቅሼ አሳየሁት። ሳር ነበር። ከፍጉ ጋር የመጣ ሳር።

ሁለተኛው ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ነው። «ብርዱ ነው የገደላት» ብዬ ወጥ ቤት አስገባኋት። ባዶ የአይስክሬም ዕቃ ወሰድኩ፣ በከረጢት የሚሸጠውን የአበባ አፈር ገዛሁ፣ ዘሩን በጣም በስሱ ሸፈንኩ፣ ክዳኑን ገጥሜ ምድጃው አጠገብ ያለ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። በ12ኛው ቀን 11 ቡቃያ ቆጠርኩ። ቀይ ክር ነው የሚያክሉት። እንዳይበርዳቸው ክዳኑን አልከፈትኩም። ክሮቹ ረዘሙ፣ ቀጠኑ፣ ወደ መስኮቱ ተጣመሙ። ከዚያ አንድ ጠዋት ሰባቱ ተኝተዋል። ግንዳቸው ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ በጥፍር የተቆነጠጠ ይመስላል። በማግስቱ የቀሩትም ተከተሉ።

አሁን ያለኝ አንድ ቁንጥር ዘር ነው። በረንዳዬ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል ፀሐይ ያገኛል። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? «ከሻጭ ግዢ» የሚለኝ ሰው እንዳይመጣብኝ። ከዘር ነው የምፈልገው።

ጉለሌ ችግኝ (ጥር 22)

ከሻጭ ግዢ።

እሺ፣ እሺ፣ ቀልዴን ነው። ግን እኔ መንገድ ዳር ችግኝ ሸጬ ነው የምኖረው፤ ይቺን አበባ ከምዘራት ይልቅ የምቆርጣት ይበልጣል። ጣት የምታክል ቅርንጫፍ ከጎረቤት ለምኚ። የታችኛውን ቅጠል አራግፊና እርጥብ አሸዋ ውስጥ ሰካ አድርጊያት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ሥር ትይዛለች። ቁራጭ ደግሞ እናቲቱን ቁርጥ ናት፤ ቀይ ከቆረጥሽ ቀይ ነው። ከዘር ከሆነ ቀለሙን ገና ስታብብ ነው የምታውቂው።

ሰሚት አራተኛ ፎቅ (ጥር 22)

የመጨረሻውን መስመር አንብበህ ነው የመለስከው ወይስ ሳታነብ?

የአድኣ ልጅ (ጥር 23)

እህቴ፣ ዘሩን መዳፍሽ ላይ አድርጊና እይው። ጤፍ ነው የሚያክለው። ቀለሙ ብቻ ነው የሚለየው፤ ያቺ እንደ ብረት ግራጫ ናት። ታዲያ ጤፍ እንዴት ነው የሚዘራው?

አባቴ የጤፍ ማሳውን አራት አምስት ጊዜ ያርሰዋል። ከዚያ እኛ ልጆቹ ከብቱን እየነዳን እናስረግጠዋለን። መሬቱ ጠቅጠቅ ይላል። ዘሩ የሚበተነው ከዚያ በኋላ ነው፣ ላይ ላዩን። ማረሻ ተመልሶ አይገባበትም። አፈር የሚለብሰው ባቄላ ነው። ባቄላ ሆዱ ውስጥ ስንቅ ይዟል፤ ጣት ሙሉ አፈር ፈንቅሎ ይወጣል። ያቺ ጢንጥዬ ዘር ግን ስንቋ ለአንድ እርምጃ መንገድ ነው። አንቺ ጤፉን እንደ ባቄላ ነው የቀበርሽው። ይቺ አበባ ደግሞ ሌላም አመል አላት፤ ብርሃን ካልነካት አትነቃም። በስሱ ሸፈንኩ ያልሽውም ለእሷ ድቅድቅ ጨለማ ነው።

ዋልካውን ተዪው። ለጤፍ ጥሩ ነው፣ ለእሷ መቃብር። ሲረጥብ ውሃውን ይዞ አይለቅም፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሰሚት ግንባታ የማያጣ ሰፈር ነው አይደል? አንዱን ፎርማን አንድ ፌስታል ሬድ አሽ ለምኚው፤ ያ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ነው። በአሮጌ ወንፊት ንፊው። አሸዋ ሁለት እጅ፣ ሬድ አሽ አንድ እጅ፣ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት አንድ እጅ። ፍግ አይግባ። አዲስ ፍግ ሥሩን ያቃጥላል፣ ሳሩንም አይተሽዋል። ደግሞም ይቺ አበባ ብዙ ሲያበሏት ቅጠል ነው የምታበዛው።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ጥር 23)

እኔ እህትሽ አካባቢ ነኝ፤ እዚህ በየዓመቱ እዘራታለሁ። የአድኣ ልጅ ስለ ብርሃኑ ያለው ልክ ነው። ሙቀቱን ልጨምርልሽ።

ይቺ ዘር አፈሩ ቢያንስ 21 ዲግሪ ካልሞላ ትተኛለች። 25 ቢሆን ደስታዋ ነው። እኛ እዚህ ውርጩ እስኪያልፍ፣ እስከ ሜይ ድረስ፣ ውጭ አናወጣትም፤ ቤት ውስጥ በመብራትና ከሥር በሚያሞቅ ምንጣፍ ነው የምናስጀምራት። አንቺ የዘራሽው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። አዲስ አበባ በዚያ ወቅት ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። እናትሽ ድሬዳዋ ብትን አድርጋ የምትረሳው ሙቀቱ ስለሚሠራላት ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ አንቺ ከ2,300 በላይ ነሽ፣ አራተኛውን ፎቅ ሳልቆጥር።

የሁለተኛው ዙር ሞት ሌላ ነው። እሱ የአፈር ፈንገስ ነው፤ ግንዱን ከአፈሩ ጫፍ ላይ ያበሰብሰዋል። የሚወደው ደግሞ አንቺ ያመቻቸሽለትን ነው፦ እርጥበት፣ የታፈነ አየር፣ የብርሃን እጥረት። ዘሩ እስኪበቅል ክዳን ጥሩ ነው። አብዛኞቹ ብቅ ካሉ በኋላ ግን ይነሳ። ውሃም ከላይ አታፍስሺ። ዕቃውን ውሃ ያለበት ሰሐን ላይ አስቀምጪው፣ ከሥር ይምጠጥ፣ ላዩ ወዛ ሲል አውጪው።

ትውልዷ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ አርጀንቲና፣ ኡራጓይ፣ ደቡባዊ ብራዚል። ጊሊስ የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም አርጀንቲና ውስጥ ሜንዶዛ አካባቢ አሸዋ ላይ አግኝቷት ነው ለአውሮፓ ሰዎች ያስተዋወቃት፤ ሳይንሳዊ ስሟ የወጣላት በ1829 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ይህን የምነግርሽ ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ደረቅ አሸዋና ፀሐይ ነው አገሯ። ጆጉን ደብቂው።

እንዲያው ለጠቅላላው፣ የጥቅሉ ጀርባ ምን ይላል?

ሰሚት አራተኛ ፎቅ (ጥር 23)

መሳቢያ ከፍቼ አወጣሁት። «ዘሩን አይሸፍኑ፤ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል» ይላል። ሦስት ወር ሙሉ እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር። ሥራዬ ባንክ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ለደንበኛ «ጀርባውን አንብበው ይፈርሙ» የምለው እኔ ነኝ። ሌላ አስተያየት አልሰጥም።

ግን ጥያቄ አለኝ። ወጥ ቤቱ ይሞቃል፣ ብርሃን የለውም። በረንዳው ብርሃን አለው፣ ሌሊት ይበርዳል። የሚያሞቅ ምንጣፍ የለኝም፣ መብራቱም በፈለገው ሰዓት ነው የሚሄደው። ሁለቱን በአንዴ ከየት ላምጣ?

እትዬ ሐዋሳ (ጥር 24)

ልጄ፣ አራስ ቤት ገብተሽ አታውቂም? ሕፃን እንዴት ነው የሚያዘው? ጠዋት ፀሐይ ይሞቃል፣ ማታ ይገባል። እሷንም እንደዚያው አድርጊያት። በቃ።

የሁለት ሊትር ሃይላንድ በቁመቱ ሰንጥቂው። አንዱ ግማሽ መያዣሽ ነው፣ ሌላው ክዳንሽ። ከሥሩ በጋለ ምስማር ብሺው፣ ሰባት ስምንት ቦታ። ቀላል ስለሆነ በአንድ እጅ ታወጪዋለሽ፣ ታስገቢዋለሽ። ከሥራ ስትመጪ አስገቢና ፍሪጁ ራስ ላይ አድርጊው፤ እዚያ ሞቅ ይላል። ጠዋት ስትወጪ በረንዳ። ክዳኑ ካለ ግን ቀትር ፀሐይ ላይ አትተዪው፣ ይቀቀላል። ደመቅ ያለ ጥላ ይበቃዋል። ክዳኑ ከተነሳ በኋላ ፀሐዩን እንደልቧ ትጠጣ።

ዘሩን ሁሉ በአንዴ እንዳትዘሪ። ግማሹን አስቀሪ። ጊዜው ግን አሁን ደህና ነው፣ የካቲት መጣልሽ። ክረምት ሲገባ ነው የሚያስቸግርሽ፤ ያኔ ከዝናቡ ታስጠጊያታለሽ።

እኔ ጋ ግቢው አሸዋማ ስለሆነ ራሷን ትዘራለች። ዘንድሮ የዘራኋት ብዬ አላውቅም።

ሰሚት አራተኛ ፎቅ (ጥር 24)

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉት አደርጋለሁ። ያቺ «ራሷን ትዘራለች» ያሏት ግን አንጀቴን ነው ያቆሰለችው።

ሰሚት አራተኛ ፎቅ (የካቲት 7)

ቃል በገባሁት መሠረት ሪፖርት።

ጥር 27 ዘራሁ። ሃይላንዱን ሰነጠቅኩ። ምስማሩን በምድጃ አግዬ ስበሳው ቤቱ ሁሉ ፕላስቲክ ሸተተ፤ ባለቤቴ «አበባ ነው ያልሽኝ» አለ። ፎርማኑ ሬድ አሹን በነፃ ሰጠኝ። እንዲያውም ለምን እንደፈለግኩት ስነግረው እሱም የሚያውቃትን አበባ ሊነግረኝ ግማሽ ሰዓት አቆመኝ። አፈሩን የፈላ ውሃ አፈሰስኩበትና አቀዘቀዝኩት። ይሄ የማንም ምክር አይደለም፣ ያን ፈንገስ ለመበቀል ነው።

ከዚያ ዘሩ። ግማሹን ወረቀት ላይ አፈሰስኩ። መነጽር አድርጌም ለመለየት ይቸግራል፤ አንዴ ባስነጥስ ኖሮ ይኼኔ ታሪኩ አብቅቶ ነበር። ከአንድ ማንኪያ ደረቅ አሸዋ ጋር አሸሁት፣ ወረቀቱን እጥፍ አድርጌ በጣቴ እየመታሁ በተንኩት። አሸዋው ነጣ ያለ ስለሆነ የት እንደወደቀ ያሳያል። በማንኪያ ጀርባ ቀስ ብዬ ጠቀጠቅኩ። ይህ በእኔ ቤት የከብቱ ሥራ ነው። አፈር አላለበስኩም። እጄን በላኝ፣ እውነቴን ነው። ዘር ራቁቱን ትቶ መሄድ ከባድ ነው።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ክዳኑን ለአየር ብዬ ገለጥ አድርጌ ሳልመልሰው ወደ ሥራ ወጣሁ። ማታ ስመለስ አንዱ ጥግ ላይ የእርግብ እግር ማኅተም አለ። ዘሩን በላችው ብዬ ነበር። የአድኣ ልጅ፣ በሬ ባይኖረኝም እርግብ አስረግጣለሁ።

ትናንት፣ በአሥረኛው ቀን፣ 40 ድረስ ቆጥሬ ተውኩት። የሚገርማችሁ እርግቧ የረገጠችው ጥግ ላይ ነው ጥቅጥቅ ብሎ የወጣው።

የአድኣ ልጅ (የካቲት 7)

አይገርምም። አልነገርኩሽም?

ሲልቨር ስፕሪንግ (የካቲት 7)

ክዳኑ! ክዳኑ ዛሬ ይነሳ።

ሰሚት አራተኛ ፎቅ (የካቲት 7)

ተነስቷል። አትጩህብኝ።

ሰሚት አራተኛ ፎቅ (መጋቢት 2)

እስካሁን ያለው ነገር ደህና ነው፣ አንድ አደጋ ሲቀር። ለሁለት ቀን ለሥራ አዳማ ወጣሁ። ባለቤቴን «ላዩ ካልደረቀ አታጠጣ» ብዬው ነበር። እሱ ደግ ሰው ነው። ሲያያቸው አሳዘኑት። ስመጣ ሃይላንዱ ረግረግ ሆኗል፣ አንድ ጎን ያሉት ተጋድመዋል። ምንም አላልኩም። ምንም አለማለቴን ግን ሰምቶታል።

የተረፉት ዳሩ ላይ ያሉት ናቸው፤ ወደ ሃያ ይጠጋሉ። ቁመታቸው ሁለት ጣት ነው። ተጨናንቀዋል። መንቀል አልቻልኩም፣ እጄ እምቢ አለ። ምን ይሻላል?

ጉለሌ ችግኝ (መጋቢት 2)

አትንቀይ። በሻይ ማንኪያ ከነአፈሯ ዛቅ እያደረግሽ አዛውሪ። ሁለት ሦስት አብረው ከመጡ አብረው ይተከሉ፣ ለመለየት አትታገዪ፣ ሥሯ ክር ነው። በመካከላቸው አንድ ስንዝር ተዪ። ባዶ መሬት መስሎ ያስጠላሻል፣ ግን ቻዪው። ይቺ አበባ ምንጣፍ ናት፣ ታለብሰዋለች። ያዛወርሽ ቀን ከቀትር ፀሐይ ከልያቸው፣ ከሁለት ቀን በኋላ መልሻቸው።

ሰፊ ዕቃ ካለሽ ሰፊው ይሻላል እንጂ ጥልቅ አያስፈልግም።

ሰሚት አራተኛ ፎቅ (መጋቢት 2)

ሰፊ ዕቃ አለኝ። የተሰነጠቀ ሳፋ ከየትም ቢሆን ይገኛል።

ሰሚት አራተኛ ፎቅ (ሚያዝያ 9)

አበበች! ግን እኔ አላየኋትም። ልንገራችሁ።

ባለፈው ሰኞ ማታ አንዷ ጫፍ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያክል እንቡጥ አብጦ ቀይ መስመር አሳይቶ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ስወጣ እንደተዘጋ ነው። ቀን 5 ሰዓት ላይ የጎረቤቴ ሠራተኛ ፎቶ ላከችልኝ፤ ከእሷ በረንዳ ወደ እኔ ይታያል። ደማቅ ሮዝ፣ የሻይ ስኒ አፍ የሚያክል፣ ክፍት ብሎ። እኔ መስኮት ላይ ሆኜ ወረፋ እያስተናገድኩ ነው። ማታ 12 ሰዓት ተኩል ስደርስ የተጠመዘዘ የሶፍት ቁራጭ ሆናለች። ረቡዕ ትከፈታለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተከፈተችም። ረግፋለች።

ረቡዕ ሌላ ተከፈተች አሉኝ። ሐሙስ ደመና ነበር፣ ምንም። ዓርብ ሁለት። ሁሉንም በስልክ ነው የማያቸው። ይሄ ምን ዓይነት አበባ ነው? የመንግሥት ሠራተኛ ናት እንዴ፣ 3 ሰዓት ገብታ 9 ሰዓት የምትወጣ?

ሲልቨር ስፕሪንግ (ሚያዝያ 9)

እንኳን ደስ አለሽ። አመሏ ነው። ፀሐይ ጠንከር ሲል ትከፈታለች፣ ከሰዓት ትዘጋለች፣ ደመና ከሆነ ሥራ አትገባም። አንዷ አበባ የአንድ ቀን ናት፤ ነገ ሌላዋ ትተካታለች። ቬትናሞች ስሟን «አሥር ሰዓት» ነው የሚሏት። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 4 ሰዓት መሆኑ ነው። አንዳንድ ዝርያዎች በቅርብ ዓመታት ወጥተዋል፣ ትንሽ ቆይተው የሚዘጉ። ያንቺ ግን የድሮዋ ናት።

እሑድ ቤት ነሽ አይደል? ስትከፈት የክብሪት እንጨት ያዢና መሐሏ ያሉትን ቢጫ ክሮች በጣም በቀስታ ከአንድ ጎን ነካ አድርጊያቸው። ከዚያ ዝም ብለሽ እዪ።

ሰሚት አራተኛ ፎቅ (ሚያዝያ 15)

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ 4 ሰዓት አልፎ ነበር። ነጠላዬን ሳላወልቅ በረንዳ ወጣሁ። ሰባት ተከፍተዋል። ሦስት ሮዝ፣ ሁለት ቢጫ፣ አንድ ነጭ፣ አንድ ብርቱካናማ። ብርቱካናማዋ መሐሏ ላይ ቀላ ያለ ቀለበት አላት፤ ቅጠሎቿ ላይ ፀሐይ ሲያርፍ ዘይት የተቀባ ይመስላል።

የክብሪቱን ነገር ለልጄ ነገርኩት፤ ስድስት ዓመቱ ነው። እጁን ይዤ ነካ አደረግን። ክሮቹ ቀስ ብለው ወደ እንጨቱ ዘንበል አሉ። እንደ ሰው! ልጁ ጮኸ። እኔም ጮኽኩ፣ አልዋሽም። ከዚያ ሰባቱንም ካልነካሁ አለ። ከቢጫዋ ውስጥ አንዲት ንብ ወጥታ እስክታባርረን ድረስ ቀጠልን። አራተኛ ፎቅ ድረስ ማን እንደነገራት አላውቅም።

ለእናቴ ደወልኩ። ቪዲዮውን አዙሬ አሳየኋት። ዝም ብላ ካየች በኋላ «ስንት ናት?» አለችኝ። ሰባት አልኳት። «ሰባት?» አለች። «ይቺን እኮ እኔ በመጥረጊያ ነው የማወጣት።»

እትዬ ሐዋሳ (ሚያዝያ 15)

እሰይ የኔ ልጅ! አሁን ዘሩን ጠብቂ። የረገፈችው ሥር ላይ ትንሽ ኳስ ትቀራለች። ስትደርቅ ቆቧ እንደ ሙዳይ ክዳን ዙሪያዋን ተቆርጣ ትነሳለች፤ ውስጧ ዘር ጢም ብሏል። ነፋስ ሳይቀድምሽ ከሥሯ ወረቀት አንጥፊላት። ክዳኗ ከተነሳ አትነቅንቂያት፣ ይፈስብሻል። በወረቀት ፖስታ አድርጊ እንጂ በፌስታል እንዳታስቀምጪ፣ ይሻግታል። ከገበያ ጥቅል የመጣ ዘር ስለሆነ ልጆቹ እናታቸውን ላይመስሉ ይችላሉ፣ እሱን እንዳትታዘቢኝ።

ሰሚት አራተኛ ፎቅ (ሚያዝያ 15)

ወረቀቱ ተነጥፏል እትዬ። የባንክ ፎርም ነው፣ ያለኝ እሱ ነው።

ጉለሌ ችግኝ (ሚያዝያ 16)

ያቺ ብርቱካናማ፣ መሐሏ ቀላ ያለ ቀለበት ያላት፣ እኔ ጋ የለችም። አንድ ቅርንጫፍ በስንት ትሰጪኛለሽ?

ሰሚት አራተኛ ፎቅ (ሚያዝያ 16)

ከሻጭ ግዛ።